ዘንጉ ያዛል፣ ምላሱ ይለምናል

(ጎንደር ላይ ለአውቶ መካኒክ ሰልጣኞችና ለጀማሪ ባለጋራዦች ያደረግሁት ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ ላይ ተስተካክሏል።)

እንደምን አረፈዳችሁ። ወንበር ያጣችሁ ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ዕቃ ግን ለጊዜው አትንኩት፤ ዘይት በዘይት ነው።

ከእናንተ መካከል ባጃጅ የነዳ እስቲ እጁን ያውጣ። (ከግማሽ በላይ ወጣ።) ጥሩ። ባጃጅ የነዳ ሰው ማርሽ የሚቀይረው እዚያው መሪው ላይ ነው። በግራ እጁ ፍሪሲዮኑን፣ ሞተሩን ከማርሹ የሚያላቅቀውን፣ ይጨብጣል፣ በዚያው እጁ እጀታውን ይጠመዝዛል፣ ይለቃል። እግሩ የሚያውቀው ፍሬን ብቻ ነው። ስለዚህ "ጋሼ፣ እንደ ውድድር መኪና ማርሹ መሪው ላይ ይሁንልን" ስትሉኝ አዲስ ነገር የሰማሁ አይመስለኝም፤ ከአዘዞ ፒያሳ የሚመላለስ ባጃጅ ሁሉ ያለው ነገር ነው። ፔጆ 404 የነዱ አባቶቻችሁንም ጠይቋቸው፤ የማርሽ ዘንጓ ከወለሉ ሳይሆን ከመሪው አንገት ነበር የሚወጣው። የቀደሙት ፊያት 1100ዎችም እንደዚያው ነበሩ። ጥያቄው እጃችሁ የት ነው የሚለው አይደለም። ከእጃችሁ እስከ ካምቢዮው፣ የማርሽ ጥርሶቹ እስካሉበት ሳጥን ድረስ መሐል ላይ ያለው ምንድን ነው? ብረት ነው ወይስ ሽቦ? ዛሬ የማወራው ስለዚህ ብቻ ነው።

ነገሩን ያመጣው አንድ ልጅ ነው። የአያቱ ፊያት 1100 ግቢ ውስጥ ስንት ዓመት ዶሮ ሲያድርባት ኖራለች። ላሜራዋ ከወለሉ በቀር ደህና ነው፣ ሞተሯ ግን አልቋል። ልጁ ከቶዮታ ሃይሉክስ የወጣ 22አር የሚባል ሞተር ገዝቶ መጣና "ሆት ሮድ እንሥራት፣ ማርሿም በፓድል ይሁን" አለኝ። ፓድል ከመሪው ጀርባ ያለ የማርሽ መቀየሪያ ምላስ ነው፤ በኋላ እንፈታዋለን። ሆት ሮድ የሚባለው ለማታውቁት፣ አሮጌና ቀላል ቦዲ ውስጥ ጉልበተኛ ሞተር የተገጠመበት መኪና ነው። ልማዱ የአሜሪካ፣ በተለይ የደቡብ ካሊፎርኒያ ልጆች ነው። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1932 ባለ ስምንት ሲሊንደር ቪ ሞተር ተራ ሰው በሚደርስበት ዋጋ አወጣ፤ 65 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ወጣቶቹ አሮጌውን እየገዙ ፓራፋንጎውን ነቅለው፣ የሚያከብደውን ሁሉ ጥለው፣ ሙሮክ በሚባል የደረቀ ሐይቅ ላይ ይሽቀዳደሙ ነበር። በ1937 የራሳቸውን ማኅበር እስከ ማቋቋም ደርሰዋል። ያኔ የካምቢዮ ምርጫ ብሎ ነገር የለም፤ ባለ ሦስት ማርሽ ማኑዋል ነው፣ አበቃ። ጄኔራል ሞተርስ ሃይድራማቲክ የተባለውን አውቶማቲክ ለ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል ሲያወጣ ፍጥነት ወዳዱ ሁሉ የሰነፍ ካምቢዮ ነው ብሎ ናቀው። በ1950ዎቹ ግን እነዚያው ተሽቀዳዳሚዎች እያጠናከሩ ለአጭር ርቀት ውድድር ይገጥሙት ጀመር። ንቀት በሙያችን ብዙ ዕድሜ የለውም።

አንድ ነገር ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ቮላኖ፣ ኩሽኔታ፣ ፎሌ፣ ሪዱታ፤ ሁሉም የጣልያን ቃላት ናቸው። የፒያሳን ሕንጻዎችና የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ከሠሩት ሰዎች ጋር የመጡ ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ከጌታ ወደ ረዳት፣ ከረዳት ወደ ልጁ ሲወርዱ የእኛ ሆኑ። አውቶማቲኩ ላይ ስንደርስ ግን ቶርክ ኮንቨርተር፣ ሶሌኖይድ፣ ቫልቭ ቦዲ፣ ሴንሰር እንላለን። ቋንቋው እንግሊዝኛ ሆነ። ማኑዋሉን በእጃችን አውቀነዋል፤ አውቶማቲኩን ገና በስሙ እየጠራነው ነው። ይህን የምለው ለማሳፈር አይደለም፤ ጎንደር ውስጥ የተበላሸ ካምቢዮ ማን ይፈታዋል የሚለው ጥያቄ ከየትኛው ይፈጥናል ከሚለው ይቀድማል ብዬ ስለማምን ነው።

አሁን ወደ ጠረጴዛው ኑ። ይህ የፍሪሲዮን ዲስክ ነው። አሽትቱት፤ አዎ፣ እስካሁን ይሸታል። በጥምቀት ሰሞን ሕዝብ መሐል እየተንፏቀቀ ዳገት የወጣ ሚኒባስ ነው። ሹፌሩ ፍሬን አልያዘም፤ መኪናውን ዳገት ላይ ያቆማት የነበረው ፍሪሲዮኑን በግማሽ ለቅቆ፣ ነዳጅ እየሰጠ ነው። ፊቱ ላይ ያለውን ሰማያዊ ቀለም አያችሁት? ሙቀት ነው። ምስማሮቹ ጭንቅላታቸው እስኪወጣ ተበልቷል፣ ቮላኖውንም፣ ዲስኩ የሚያርፍበትን የሞተሩን ከባድ ክብ ብረት፣ አርሰውታል። ማኑዋል ላይ ጥፋቱ እንደዚህ በዓይን ይታያል፣ በአፍንጫ ይሸተታል፣ ግማሽ ቀን ሳይሞላ ይቀየራል። እኔ ማኑዋልን የምወደው ከዚህ የተነሣ ነው፤ የውድድር ወሬው አያሞቀኝም።

ግን ለአውቶማቲኩም ልፍረድለት። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ግድም ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ወደ 20 በመቶ ያጣል። 22አር ባሕር ዳርቻ ላይ የሚሰጠው የመዞር ኃይል ወደ 175 ኒውተን ሜትር ነው፤ እዚህ 140 በሉት። የሃይሉክስ ማኑዋል አንደኛ ማርሹ ይህን ኃይል 3.93 ጊዜ ያበዛል፤ 140ውን ስታበዙት ከካምቢዮው 550 ይወጣል። ኤ340ኢ የሚባለው የቶዮታ አውቶማቲክ አንደኛው 2.8 ብቻ ነው፤ 392 ይሆናል። "አውቶማቲክ ዳገት አይችልም" የሚለው ወሬ ከዚህ ሂሳብ ይመስለኛል የመጣው። ነገር ግን ከፊቱ ቶርክ ኮንቨርተር አለ። መኪናው ሊነሣ ሲል፣ ሞተሩ እየዞረ ጎማው ገና ሳይዞር፣ በውስጡ የሚሽከረከረው ዘይት የመዞር ኃይሉን ወደ እጥፍ ያደርሰዋል። 784! ከማኑዋሉ በለጠ። ስሌቱ የመካኒክ ስሌት ነው፤ ሞተሩ በዚያች ቅጽበት ከፍተኛ ጉልበቱ ላይ አይሆንም፣ እጥፉም ጎማው መዞር ሲጀምር እየቀነሰ ሄዶ ይጠፋል። ቢሆንም ወደ ጎሃ ኮረብታ መውጫው ላይ ቆማችሁ ለመነሣት ጥሩ ኮንቨርተር ያለው አውቶማቲክ አያሳፍራችሁም።

የሚያሳፍራችሁ ሙቀቱ ነው። ያ እጥፍ ጉልበት በነጻ አይገኝም፤ ዘይቱ ሲንሸራተት ይጋላል። የካምቢዮ ዘይት 80 እና 90 ዲግሪ አካባቢ ደስ ብሎት ይኖራል። ከዚያ በላይ በየ11 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል የሚል የቆየ የሙያ ስሌት አለ። ሆት ሮድ ደግሞ አፍንጫዋ ጠባብ ነው፤ ትንሿን ራዲያተር ለሞተሩ አንሷት ሳለ የካምቢዮውን ዘይት ጨምራችሁ አታሸክሟት። የራሱን ማቀዝቀዣ ስጡት፣ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ላይ። ይህን ላለማድረግ ምክንያት የሚደረድር ባለመኪና ቢመጣባችሁ ሥራውን አትቀበሉ።

እሺ፣ ወደ ምላሶቹ እንምጣ። ፓድል ይሉታል፤ ከመሪው ጀርባ እንደ ምላስ ብቅ ያሉ ሁለት ነገሮች ናቸው። ቀኙን ስትስቡ ማርሽ ይጨምራል፣ ግራውን ስትስቡ ይቀንሳል። ይህ የፈታሁት ነው፣ ዙሪያውን ቆማችሁ እዩት። ውስጡ ምን አለ? አዎ፣ ማብሪያ ማጥፊያ። ከበር ደወል መጫኛ የሚለየው ነገር የለም። ምላሱ ራሱ ማርሽ አይነካም፤ ለኮምፒውተር "እባክህ" ይላል። ኮምፒውተሩ ፍጥነቱን ያያል፣ የሞተሩን ዙር ያያል፣ ነዳጅ መስጫው ምን ያህል እንደተረገጠ ያያል፣ ከዚያ ወይ እሺ ወይ እምቢ ይላል።

ነገሩ ከየት መጣ ብትሉ፣ ከፎርሙላ ዋን ነው። ጆን ባርናርድ የተባለው የፌራሪ ዲዛይነር የማርሽ ዘንጉ ቦታ እየበላ መኪናውን ጠባብ እንዳላደርገው ከለከለኝ ብሎ ዘንጉን ጨርሶ አወጣው፤ በሁለት ምላስ ተካው። ማርች 26 ቀን 1989 እ.ኤ.አ. ብራዚል ላይ ናይጀል ማንሰል በዚያች መኪና በመጀመሪያ ውድድሯ አሸነፈ። ከዚያ በፊት በልምምድ እየቆመች አስቸግራቸው ስለነበር የራሳቸው ሰዎች እንኳ ትጨርሳለች ብለው አልጠበቁም። ያን ዓመትም ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ቀርታለች። ልብ በሉ፣ ካምቢዮው ውስጥ የነበሩት ጥርሶች የማኑዋል ጥርሶች ናቸው፤ ፍሪሲዮኑን የሚረግጠው በእግር ፋንታ ሃይድሮሊክ ነበር። በኋላ በ1997 ፌራሪ ይህንኑ በመንገድ መኪና፣ በኤፍ355 ላይ አወጣው። ቮልስዋገን ደግሞ በ2003 በጎልፍ ላይ ሁለት ፍሪሲዮን ያለውን አመጣ፤ አንዱ ሦስተኛን ይዞ ሲነዳ ሌላው አራተኛን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። የሚደነቅ ሥራ ነው፤ እዚህ ከተማ ውስጥ ሲበላሽባችሁ ግን አድናቆቱ ምንም አይጠቅማችሁም። ለአሮጌ መኪና "ፓድል" ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛው ዓይነት ነው የሚታሰበው፤ ተራ አውቶማቲክ፣ ኮንቨርተሩም እንዳለ፣ ላዩ ላይ ሁለት ምላስ ተጨምሮ። ልጁ የጠየቀኝም ይህንን ነበር።

ኤ340ኢን የመረጥሁላችሁ ለማስተማር ስለሚመች ነው። ማርሽ የሚመርጡት ሁለት ሶሌኖይዶች፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የዘይት መንገድ የሚከፍቱና የሚዘጉ ቫልቮች ናቸው፣ እነዚህ። የመጀመሪያው ብቻ ሲበራ አንደኛ ማርሽ ነው። ሁለቱም ሲበሩ ሁለተኛ። ሁለተኛው ብቻ ሲበራ ሦስተኛ። ሁለቱም ሲጠፉ አራተኛ። ሁለት አምፖል በማብራትና በማጥፋት አራት ማርሽ! ከእናንተ ኤሌክትሮኒክስ የሚወድ ሁሉ ይህን ሲሰማ ዓይኑ ይበራል፤ ኮምፒውተሩን ራሴ እሠራዋለሁ ይላል። ይሠራዋልም።

አሁን ጥያቄ። ሽቦው ቢበጠስ ስንተኛ ማርሽ ላይ ትቀራላችሁ? ... ትክክል፣ አራተኛ። አንድ ጊዜ ከአዘዞ አንድ ሰው ደወለልኝ፤ "መኪናዬ ጉልበት አጣች፣ ዳገቱን እምቢ አለች፣ ሞተሩ አልቆ ይሆን?" ይላል። ድምፁን በስልክ አሰማኝ። ሞተሩ ደህና ነው። "አባቴ፣ ዘንጉን ወደ ኤል አምጡትና ይሞክሩ" አልኳቸው። መኪናዋ ተነሣች፣ በአንደኛ እያጓራች ጋራዤ ድረስ መጣች። ዘንጉ ዲ፣ ማለትም መደበኛው መንጃ ላይ ሲሆን ያለ ኤሌክትሪክ አራተኛ ላይ ትቀራለች፤ ኤል፣ የዝቅተኛው ማርሽ ቦታ፣ ግን አንደኛን የሚያስገባው በዘይት መንገዱ ነው፣ ሽቦ አይጠይቅም። ከሥር ስገባ ሶኬቱ ጋ ያለውን ሽቦ አይጥ ቆርጥማዋለች። ሌሊት ጤፍ መጋዘን አጠገብ ነው የምትቆመው። አሁን አስቡት፤ ያ መኪና መሐል ላይ ዘንግ የሌለው፣ ሁለት ምላስ ብቻ ያለው ቢሆን ኖሮ በስልክ ምን እላቸው ነበር? ስለዚህ ፓድል የምትገጥሙ ከሆነ ዋናውን ዘንግ ለውበት ብላችሁ አታውጡ።

የእኔንም ጥፋት ልንገራችሁ፤ ተማሪ ፊት ያልተነገረ ጥፋት ይደገማል። ከዓመታት በፊት ይህንኑ ካምቢዮ ካርቡራተር ባለው፣ ነዳጁ ያለ ኮምፒውተር በሚቀላቀልበት ሞተር ላይ ገጥሜያለሁ። ከነዳጅ መስጫው ወደ ካምቢዮው የምትሄድ አንዲት ቀጭን ገመድ አለች። እኔ ማርሽ ፈጥኖ እንዲቀንስ የምታደርግ ብቻ መስላኝ ላላ አድርጌ አሰርኳት፤ ማርሽ አለዋወጡ እንደ ቅቤ ለሰለሰልኝ፣ ባለቤቱም ደስ አለው፣ እኔም ኮራሁ። ሦስት ቀን አልቆየም። ያቺ ገመድ የዘይቱን ግፊት ነበር የምትነግረው። ነዳጅ ሲረገጥ ግፊቱ ካልጨመረ ውስጥ ያሉት ዲስኮች ሳይነክሱ ይንሸራተታሉ፤ ያ "ለስላሳ" ያልኩት ነገር የዲስኮቹ መቃጠል ነበር። ዘይቱን ሳወርደው እንደ ቡና ጠቁሯል። ገንዘቡን ከኪሴ ከፈልኩ። ማኑዋል ላይ የላላ ገመድ ቢበዛ ማርሽ ያንቋቋችኋል፤ አውቶማቲክ ላይ እያመሰገናችሁት ይገድላችኋል።

የምላሱ እውነተኛ ጥቅም ዳገት ላይ ወይም ፍጥነት ላይ አይደለም፤ ቁልቁለት ላይ ነው። ከደባርቅ ወጥታችሁ ሊማሊሞን ስትወርዱ አስቡት። ዲ ላይ የተወ ሰው ካምቢዮው ነዳጅ አልተረገጠም ብሎ ማርሹን ከፍ ከፍ ያደርግለታል፣ መኪናው ይለቀቃል፣ ሰውየው ፍሬኑን ይዞ ይወርዳል፣ መሐል ላይ ፍሬኑ ይግላል። ምላስ ያለው ሁለቱንም እጁን ከመሪው ሳያነሣ ግራውን ቀጭ፣ ቀጭ አድርጎ ሁለተኛን ይይዛል፤ ሞተሩ ራሱ ፍሬን ይሆናል። ያለቅጥ እየፈጠናችሁ ሳለ ሁለተኛን አስገባ ብትሉት ደግሞ እምቢ ይላችኋል። ማኑዋሉ እምቢ አይልም። ከአምስተኛ ወደ አራተኛ እቀንሳለሁ ብላችሁ እጃችሁ ስቶ ሁለተኛ ከገባ፣ ብረት ነውና ይገባል፤ ፍሪሲዮኑን ስትለቁ ጎማው ሞተሩን ከልኩ በላይ ያዞረዋል፣ ቫልቭ ይታጠፋል። የሚታዘዝ ነገር ጥፋታችሁንም ይታዘዛል። እዚህ ላይ የሚለምነው ይበልጣል፤ አልክድም።

ታዲያ የቱን? የእኔ ፍርድ ይኸው። ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ኮምፒውተሩና ሽቦው ሳይቆራረጥ ከአንድ መኪና የወጣ ሙሉ ዕቃ ካገኛችሁ፣ አውቶማቲኩን ግጠሙ፣ ምላሱንም ጨምሩ፤ ይሠራል። ሞተሩ ከአንዱ፣ ካምቢዮው ከሌላው፣ ኮምፒውተሩ ከሦስተኛው ከሆነ ግን ሽማግሌ የሌለው ትዳር ነው። ካርቡራተር ላለው ሞተር የነዳጅ መስጫ ሴንሰር ራሳችሁ ፈጥራችሁ ልትለጥፉ ነው፤ ካምቢዮው በዚያች ሴንሰር ውሸት ነው የሚኖረው። እንዲህ ከሆነ ማኑዋል ግጠሙ፣ አታንገራግሩ።

አንድ ሰው ብቻ ይህን ፍርዴን አስለውጦኛል። ግራ ጉልበታቸው በአደጋ የማይታጠፍ ደንበኛ ናቸው። ስለ ማኑዋል ውበት ሩብ ሰዓት ሙሉ ሰበክኋቸው፤ ሰምተው ሲጨርሱ "ልጄ፣ በየትኛው እግሬ?" አሉኝ። መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝ ያንን ነበር። የሳቸው አውቶማቲክ ነው፣ ከነምላሱ።

ከኋላ የተቀመጥሽው፣ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ጠይቀሽ ነበር። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ጥያቄው ተገቢ ነው። ኤሌክትሪኩ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ማርሽ ብቻ ነው ያለው፤ የሚቀየር የለም። ቢሆንም ሃዩንዳይ አዮኒክ 5 ኤን ላይ ምላስ ገጥሟል፤ ስትስቢው መኪናው ማርሽ የቀየረ መስሎ ይናጣል፣ የሞተር ድምፅም በድምፅ ማጉያ ያሰማል። ሰው የሌለውን ማርሽ እስከመቀየር ድረስ ይህን ነገር ይወደዋል ማለት ነው። ክልከላው ለእናንተ ያለው ትርጉም ሌላ ነው፤ ያሉት አሮጌዎች ዋጋቸው ይጨምራል፣ የሚያድሳቸውም ሰው ይፈለጋል።

የልጁ ፊያት ምን ሆነች? ማኑዋል ገባላት። ዲፈረንሻሏም ተቀየረ፣ የድሮው 50 ፈረስ ጉልበት እንጂ የዚህን እጥፍ አይችልምና። ልጁ ሲቀበለኝ ፊቱ ጠቁሮ ነበር፤ መሪው ላይ የነበረው ሕልሙ የቀረ መሰለው። አንድ ሳምንት ጠፍቶ ተመለሰና "ጋሼ፣ የድሮዋ ዘንጓ ከመሪው ሥር አልነበረም እንዴ የምትወጣው?" አለኝ። እኔ አላሰብኩትም ነበር። ከአሮጌ ሃይስ፣ ማርሹ ከመሪው አንገት ከሚወጣው፣ ማገናኛዎቹን ነቀልን፤ ያለቁትን ቡሾች ቶርኖ ቤት አስቀርጸን፣ ዘንጉን ለፊያቷ ልክ አሳጠርን። አሁን ማርሹ መሪው ላይ ነው፣ እስከ ካምቢዮው ድረስ ብረት ነው።

ውጭ ቆማለች። ሻያችሁን ጠጡና ኑ፣ ግቢው ውስጥ ተራ በተራ ትነዷታላችሁ። ሦስተኛዋ ገና አልለመደችም፣ ትንሽ ትከብዳለች፤ አትታገሏት፣ ፎሌ ላይ፣ ምንም ማርሽ ሳይገባ፣ አንድ አፍታ ያዝ አድርጓት፣ ራሷ ትገባለች።